ጌጥም መሣሪያም የሆኑ ዕቃዎችን ስንመርጥና ስንይዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የገጠሩ ሰው ከማተቡ ጋር ወረንጦና የጆሮ ኩክ ማውጫ አንጠልጥሎ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። አንገት ላይ ሲታይ ጌጥ የሚመስለው ወረንጦ፣ እሾህ እግር ውስጥ በገባ ጊዜ ዋነኛው መሣሪያ ይሆናል። ዛሬ በጅማ መርካቶ የምናያቸው ጠርሙስ የሚከፍቱ የቁልፍ መያዣዎች፣ ካቻቢቴ የተደበቀባቸው እስክሪብቶዎች፣ ከገመድ የተጎነጎኑ አምባሮችና በኪስ ቦርሳ የሚያዙ የብረት ካርዶች የሚወደዱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመሣሪያ ሣጥን ቤት ይቀራል፣ ሰውነት ላይ ያለ ዕቃ ግን ከባለቤቱ ጋር ይውላል። ይሁን እንጂ በአመራረጥና በአያያዝ ስህተት ይህን ጥቅም የሚያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ከገንዘብም በላይ የሚያስከፍል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የአገልግሎቱን ብዛት ቆጥሮ መግዛት ነው። “አሥራ አንድ ሥራ ይሠራል” የተባለለት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም ሥራ በቅጡ አይሠራም፤ መጋዙ እንጨት አይቆርጥም፣ የብሎን መፍቻ ቀዳዳውም እጅ ያሳምማል እንጂ የጠበቀ ብሎን አያላላም። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሮጌ መኪና አውሮፓን ሲዞር ሰንጢ በኪሱ ነበረው፤ ያጣው ፒንሳ ነበር። ዓመታት ፈጅቶ የሠራውና በ1983 መሸጥ የጀመረው መሣሪያም በፒንሳ ዙሪያ የተገነባ ነው። እኛም መጀመር ያለብን የሚያጋጥመንን ሥራ ከመለየት ነው። በርጩማ ለሚሠራ አናጺ በቁልፍ መያዣ ላይ ያለች ትንሽ ሜትር ትጠቅመዋለች፤ የባጃጅ አሽከርካሪ ፒንሳና ካቻቢቴ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ የቡና ጆንያ ስፌት ለሚፈታ ነጋዴ ደግሞ አንዲት ደህና ስለት ከአሥራ አንዱ አገልግሎት ትበልጥበታለች።

ሁለተኛው ስህተት የብረቱን ጥራት በማግኔት መለየት ነው። “ማግኔት ከሳበው ይዝጋል” የሚለው እምነት በገበያው በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን ለስለት የሚመረጡት ጠንካራ የማይዝጉ የብረት ዓይነቶች በአብዛኛው በማግኔት የሚሳቡ ናቸው። ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው በውስጡ የሚገኘው ክሮሚየም ሲሆን፣ የማይዝግ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ሊኖረው ይገባል። ከማግኔቱ ይልቅ መጋጠሚያዎቹንና ጠርዞቹን በጥንቃቄ መመልከት ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ የተላጠ ቅብ ከታየ ከሥሩ ያለው ብረት በላብ መዛጉ አይቀርም። ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጅማ ባለ ከተማ ደግሞ ጥሩው ብረት እንኳ ከረጠበ በኋላ ሊደርቅና መታጠፊያው ላይ ጠብታ ዘይት ሊያገኝ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው በሞተር ማስነሻ ቁልፍ ላይ ክብደት ማንጠልጠል ነው። የጠርሙስ መክፈቻው፣ ባትሪው፣ ሰንጢውና የቤት ቁልፎቹ ሁሉ በአንድ ቀለበት ተሰብስበው ከማስነሻው ላይ ሲወዛወዙ ማየት የተለመደ ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና የጠራው የማስነሻ ቁልፋቸው ማብሪያ ደካማ በመሆኑ፣ በከባድ የቁልፍ መያዣ ወይም በመንገድ ንቅናቄ እየዞረ ሞተሩን ያጠፋ ስለነበር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የአደጋ መከላከያ ከረጢቱም (ኤርባጉ) ሳይነፋ ይቀራል። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች ለሞቱባቸው አደጋዎች የቀረበውን ጥያቄ ተቀብሏል። የሁሉም ተሽከርካሪ ማብሪያ እንደዚያ ደካማ አይደለም፤ ሆኖም መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ቸል የሚባልበት ምክንያት የለም። በቀላሉ የሚለያይ ባለሁለት ክፍል ቀለበት ገዝቶ፣ በሚነዱበት ጊዜ የማስነሻውን ቁልፍ ብቻውን መተው ይበቃል።

መብራት ሲቋረጥ ወይም ሶኬት ሲላላ በእስክሪብቶ ወይም በቁልፍ መያዣ ካቻቢቴ ለመጠገን መሞከርም እጅግ አደገኛ ነው። በቤታችን ያለው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ እነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ እስከ እጀታ ብረት ናቸው። እጀታው ፕላስቲክ መሆኑ ብቻም ዋስትና አይሆንም፤ ለኤሌክትሪክ ሥራ የተሠራ ካቻቢቴ 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍና የድርብ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይታተምበታል። ያም ቢሆን በቅድሚያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፋት የግድ ነው።

በገመድ አምባሩ ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ከልክ በላይ መታመኑ ነው። አምባሩ የሚጎነጎንበት የፓራሹት ገመድ ብዙ ጊዜ 550 ተብሎ ይጠራል፤ ቁጥሩ ገመዱ የሚበጠስበትን ክብደት በፓውንድ የሚገልጽ ሲሆን፣ ወደ 250 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ ግን የቆመ ጭነት ልክ ነው፤ የሚወድቅ ሰው የሚፈጥረው ጉተታ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆንና ቋጠሮም የገመዱን ጥንካሬ ስለሚቀንስ፣ ሰው ለማውጣትም ሆነ ለማውረድ ፈጽሞ አይሆንም። ዕቃ ለማሰር ግን እጅግ መልካም ነው። ሲገዙ የተቆረጠውን ጫፍ ይመልከቱ፤ ትክክለኛው በልባሱ ውስጥ ሰባት ያህል ቀጫጭን ክሮች ይኖሩታል። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የሚሠሩ አናጺዎችና የብረት ሠራተኞች ግን አምባሩንም ሆነ መክፈቻ ያለውን የጣት ቀለበት አውልቀው ሊሠሩ ይገባል።

ስለ ልጆች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሚያለቅስ ሕፃን ለማባበል ባትሪ ያለበትን የቁልፍ መያዣ መስጠት በየቤቱ ይታያል። በውስጡ ያለችው የአዝራር መጠን ያላት ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ውስጥ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታስከትል ትችላለች። ሕፃኑ ውጧል ብለው ከጠረጠሩ እንዲያስታውክ ሳያደርጉ፣ ምልክት እስኪታይም ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የባትሪው ክዳን በብሎን የማይታሰር ከሆነ ዕቃውን አለመግዛት ይሻላል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በክረምት ጃንጥላን እንደ ምርኩዝ ይይዛሉ። የተለመደው ጃንጥላ ዘንግ ግን የሰው ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፣ ጫፉም በቀዩ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ለእነርሱ የሚገባው ወፍራም ዘንግና የጎማ ጫፍ ያለው፣ ለምርኩዝነት ታስቦ የተሠራ ጃንጥላ ነው።

በመጨረሻ፣ ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛ ኪሱንና ቁልፎቹን ከቤቱ ሳይወጣ ሊፈትሽ ይገባል። ስለት ያለው ማንኛውም ዕቃ፣ የካርድ ቅርጽ ያለውም ጭምር፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው ከመንገደኛው ጋር በእጅ ቦርሳ መጓዝ አለበት፣ ምክንያቱም የሊቲየም ባትሪ በዕቃ ክፍል ውስጥ እሳት ቢያስነሣ በቶሎ የሚደርስለት ሰው የለም።