ኤችዲ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር አውጡ

ኤችዲ (ምስሉ ይበልጥ የጠራ) ሪሲቨር ወይም አዲስ ቴሌቪዥን ልግዛ አልግዛ ለምትሉ፦ መጀመሪያ ከምትቀመጡበት ሶፋ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለክታችሁ በ3 አባዙት። የምትቀመጡበት ርቀት ከዚህ ከበለጠ ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ገንዘባችሁን ያዙ። 32 ኢንች ሰያፉ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወሰኑ 2.4 ሜትር ይሆናል። ባለ 43 ኢንቹ 3.3 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ምክንያቱም ከዚያ ርቀት በኋላ ጤነኛ ዓይን የድሮው ምስል የተሠራባቸውን 576 መስመሮች እንኳ አንድ በአንድ ለይቶ አያይም፤ በኤችዲ መስመሮቹ 1080 ቢደርሱ የሚያየው አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ስትሄዱ ስክሪኑ ሥር ቆማችሁ አትወስኑ፤ ቤት የለካችሁትን ያህል ራቁና እዩት። ስክሪኑን ለኮምፒውተር ወይም ለጽሑፍ ንባብ ከፈለጋችሁት ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ቀረብ ብላችሁ የምትቀመጡ ደግሞ የሪሲቨሩን ጀርባ እዩ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ከተሰካ ሪሲቨሩ ኤችዲ ቢሆንም ምስሉ ኤችዲ ሆኖ አይደርስም፤ ቢጫው ያንን ጥራት አይሸከምም። የኤችዲኤምአይ (HDMI የተጻፈበት) ቀዳዳ ካለው ገመዱን ብቻ ቀይሩና ከሜኑው ጥራቱን 1080 ላይ አድርጉት።

ሪሲቨሩን የግድ ከቀየራችሁም ዲሹን አብሮ መቀየር አያስፈልግም። የጅማ ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ከተቆራረጠ በጠራ ቀን የሲግናል ጥራቱን እያያችሁ ዲሹን በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ።