የጭቃውን ግድግዳ ከብሎኬቱ ጋር ያስማማሁበት መንገድ

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው የአባቴ የጭቃ ቤት ላይ በብሎኬት አንድ ክፍል ስቀጥል፣ አሮጌው ከአዲሱ እንዲመሳሰል ብዬ የጭቃውንም ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰንኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ፤ በመጋጠሚያውም ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። የቀረውን ልስን በመዶሻ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰጥ ስለነበር ገልጬ ባየው፣ ጭቃው ርሶ የማገሩ ጫፍ በእጄ የሚፈረፈር ሆኖ አገኘሁት። ጭቃ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፣ እርጥበቱንም አፍኖ ይይዘዋል።

ሲሚንቶውን በሙሉ አንስቼ የበሰበሰውን ማገር በባሕር ዛፍ ተካሁ። ከዚያም በጤፍ ጭድ የተለወሰ ጭቃ በየቀኑ እየረገጥኩ ለ10 ቀን አቦካሁና (እናቴ «ለጠላ እንኳ እንዲህ አይለፋም» ብላ ስቃብኛለች) በ2 ዙር መረግሁት፤ ሁለተኛውን የመረግሁት የመጀመሪያው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው። መጋጠሚያውን ግን ዳግም አልደፈንኩትም፤ ሁለቱ መሠረቶች እኩል ስለማይሰጥሙ የ2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቼ፣ ከላዩ በብሎኬቱ በኩል ብቻ የተመታ ጣውላ ሸፈንኩበት። በመጨረሻም ለጣሪያው አሸንዳ ገጥሜ ውሃውን ወደ ቦዩ መራሁት፤ ባለፈው ክረምት ግድግዳው አልረጠበም።