ጭቃ የለመደ ሹፌር በበረዶ ላይ፦ በፒክአፕ የምንሠራቸው ስህተቶች

አገር ቤት ፒክአፕ የተከበረ መኪና ነው። ጭቃም ይሁን ኮረኮንች ይወጣዋል። ስለዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር ወይም ኦሮራ የሚኖር ሐበሻ ፒክአፕ ሲገዛ «እንግዲህ ዊንተርም አያሰጋኝም» ይላል። እኔም ብያለሁ። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ከአፓርትመንቴ ፓርኪንግ መውጫ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳገት መውጣት አቃተኝ። የኋላ ጎማዬ ባዶውን ሲሽከረከር አንዲት አሮጌ ኮሮላ በጎኔ አልፋ ላጥ አለች። ሹፌሯ እጇንም አውለበለበችልኝ።

ነገሩ የጉልበት ጉዳይ አልነበረም። የኮሮላዋ ኢንጂን ያረፈው መኪናዋን በሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ላይ ነው። የእኔ ፒክአፕ ደግሞ ኢንጂኑም ጋቢናውም ከፊት ሆኖ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። ኋላው ግን ባዶ ነው። ክብደት ያላረፈበት ጎማ ደግሞ መሬት አይቆነጥጥም።

ካሶኒውን ባዶ መተው፣ ወይም ክብደቱን ያለቦታው መጫን

መፍትሔው አሸዋ ነው። ዊንተር ሲቃረብ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ መደብሮች ረዘም ባለ ከረጢት ያለ አሸዋ ይሸጣሉ። አንዱ ብዙውን ጊዜ 60 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 27 ኪሎ ይመዝናል። ለብዙ ፒክአፖች አራት ያህሉ ይበቃል።

ስህተቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ከረጢቱን ለማውረድ እንዲቀለው የኋላው ስፖንዳ ሥር ይደረድረዋል። ከኋላ አክስል አልፎ የተቀመጠ ክብደት ግን የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳል። መሪ የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ስለሚቀልሉ መኪናው መታጠፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቦታው ልክ ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ጋቢናው ጠጋ ብሎ ነው። ማሰርም አትርሱ። ያልታሰረ 100 ኪሎ፣ ፍሬን ሲያዝ መምጫው ወደ እናንተ ነው።

በአሸዋ ፈንታ ብሎኬት የሚጭኑ አሉ። አልመክርም፤ በግጭት ጊዜ ብሎኬት ጋቢና ሰብሮ ይገባል። «የወረደው በረዶ ራሱ ክብደት ይሆነኛል» ብለው ካሶኒውን ሳይጠርጉ የሚነዱም አጋጥመውኛል። ያ ክብደት ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፤ እስከዚያውም ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አሸዋ ሌላም ጥቅም አለው፦ ስትያዙ ጎማ ሥር ትበትኑታላችሁ። ግን እርጥብ አሸዋ ሌሊቱን በብርድ እንደ ድንጋይ ይጠጥራልና አንድ ትንሽ ከረጢት ጋቢና ውስጥ ይኑር።

የጭቃ ጎማን የበረዶ ጎማ አድርጎ ማሰብ

ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ሲያዩት ያስፈራል፤ በረዶ የሚፈራው ይመስላል። ግን የተሠራው ጭቃን ቆፍሮ ለመወርወር ነው። መስተዋት በመሰለ በረዶ ላይ የሚሠራው ትልቅ ጥርስ ሳይሆን በጥርሱ ላይ የተበጡት ቀጫጭን ስንጥቆችና የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ተራ የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል። የዊንተር ጎማ ላስቲክ በብርዱም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑን እዩ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ኮከብ ከተሳለበት በበረዶ ላይ ተፈትኗል ማለት ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ስለ ጥርሱ ቅርጽ እንጂ ስለ ፈተና አይናገርም።

ገንዘብ ለመቆጠብ ለኋላ እግር ብቻ ሁለት መግዛትም የተለመደ ነው። መነሳቱን ትነሳላችሁ። መታጠፍና መቆም ግን በአብዛኛው የፊት ጎማ ሥራ ነው። አራቱንም ቀይሩ።

ኮሎራዶ ውስጥ ይሄ ነገር ሕግም አለው። ወደ ተራራው በሚወስደው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ በሞሪሰንና በዶትሴሮ ከተሞች መካከል፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ የጎማችሁ ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ፎር ዊል ያለው፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪናም ከዚህ አያመልጥም። ባልተዘጋጀ መኪና መንገድ የዘጋ ሰው ቅጣቱ ከ650 ዶላር ይበልጣል። በዚያ ብር ስንት ጎማ እንደሚገዛ አስቡት።

«ፎር ዊል አለኝ» ብሎ መፍጠን

ፎር ዊል ለመነሳት ነው። ለመቆም የሚጨምረው ነገር የለም፤ ፍሬን በማንኛውም መኪና አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። መኪናው ያለ ችግር ስለተነሳ መንገዱ ደህና ይመስላችኋል፤ አታላይነቱን የምታውቁት ቀይ መብራት ላይ ስትደርሱ ነው።

የእኛ ቋንቋም ትንሽ ያሳስታል። ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም፣ እንደ ጠጠር የሚዘንበውም፣ ውሃ ረግቶ መስተዋት የሆነውም ሁሉ «በረዶ» ነው። ጎማው ግን ለየብቻ ያውቃቸዋል። አዲስ የወረደ በረዶ የጎማው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገባ እንዲያውም መያዣ ይሰጣል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ላዩ ውሃ ያዘለ ግግር ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከቀዘቀዘው ይልቅ ያንሸራትታል። ስለዚህ «ዛሬ እኮ ሞቅ ብሏል» የምትሉበት ቀን ነው የሚያስፈራው። ድልድይ ላይ ደግሞ አየሩ ከላይም ከታችም ስለሚያቀዘቅዘው ከሌላው አስፋልት ቀድሞ ይረጋል።

በነገራችን ላይ በእጅ የሚገባውን ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብታችሁ አትንዱ፤ ስትታጠፉ የማስተላለፊያ ክፍሎቹ ይጨናነቃሉ።

ሲያዝ ነዳጅ መርገጥ

ጭቃ ውስጥ አንዳንዴ ይሠራል። ረገጥ ስታደርጉት ጎማው ቆፍሮ ጠንካራ መሬት ያገኛል። በረዶ ላይ ግን የሚሽከረከረው ጎማ ሙቀት ይፈጥራል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ መልሶ ይረጋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በገዛ ጎማችሁ ጉድጓዱን መስተዋት ታስመስሉታላችሁ። ተራ ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ደግሞ ጉልበቱን የሚያባክነው ባዶውን ለሚሽከረከረው ጎማ ስለሆነ ሌላው ቆሞ ያያል።

ከሁሉ በፊት ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ጥረጉ። ከተደፈነ ጭሱ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሰው ይገድላል። ከዚያ የጎማውን ፊትና ኋላ በአካፋ ክፈቱ፣ አሸዋ በትኑ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ። በሁለተኛ ማርሽ፣ እንቁላል የረገጣችሁ ያህል ቀስ ብላችሁ ነዳጅ ስጡ። እምቢ ካለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙት፤ መኪናው መንሸራተት የሚከላከል ዘዴ ካለው ለጊዜው አጥፉት። ዓላማው ሃምሳ ሴንቲ ሜትር እንኳ መንቀሳቀስ ነው።

ትንንሾቹ

የጎማ ንፋስ መቀነስ የአሸዋ በረሃ ዘዴ ነው፤ በረዷማ አስፋልት ላይ አይሠራም። ብርዱ ራሱ በየ10 ዲግሪ ፋረንሃይት ወደ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ይቀንስባችኋል፤ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ሙሉት። በረጋው በረዶ ላይ የፈላ ውሃ መድፋት ከአሥር ደቂቃ በኋላ አዲስ በረዶ መሥራት ነው። ክሩዝ፣ ማለትም ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቀው ዘዴ፣ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ሰንሰለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ዳር መክፈት

ሰንሰለት ገዝተው ሳጥኑን ሳይከፍቱ ወንበር ሥር የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ከዚያ ማታ ተራራ ላይ፣ በጓንት፣ በስልክ መብራት ይማራሉ። መጠኑ ልክ መሆኑን ቤት ሆናችሁ ሞክሩ። መኪናው በኋላ እግሩ የሚገፋ ከሆነ ሰንሰለቱ ለኋላ እግር ነው፤ ለፎር ዊል የመኪናውን መጽሐፍ እዩ። ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁት፤ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ይላላል። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አትንዱበት። አስፋልቱ ሲጠራ ወዲያው ፍቱት፤ ደረቅ መንገድ ላይ ከተበጠሰ የመጀመሪያ ተጎጂው የገዛ ፓራፋንጎአችሁ ነው።