ከኤፍኤምአርአይ መረጃ የነርቭን ሥራ ከደም ፍሰት ምላሽ ለይቶ መገመት

ኤፍኤምአርአይ (አንጎልን ሲሠራ በመግነጢስ የሚቀርጽ መሣሪያ) የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ በቀጥታ አያይም። የሚያየው ሥራውን ተከትሎ የሚመጣውን ደም ነው። ለአጭር ማነቃቂያ ሲግናሉ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ከመነሻው በታች ይወርድና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ነርቩ የሠራውና የደም ሥሩ የመለሰው በአንድ መስመር ተቀላቅለው ስለሚመጡ አንዱን ሳይገምቱ ሌላውን ማግኘት አይቻልም።

ከደም ፍሰቱ ምላሽ ቅርጽ (በጊዜ ሂደት እንዴት ወጥቶ እንደሚወርድ) ይጀምሩ። ኤስፒኤም የተባለው የመተንተኛ ሶፍትዌር የሚሰጠው ዝግጁ ቅርጽ (ጫፉ በ5፣ ዝቅታው በ16 ሰከንድ አካባቢ) ለመነሻ ይበቃል፤ ግን ቅርጹ ከሰው ሰው፣ ከአንጎል ክፍል ክፍል ይለያያል። ቡናም ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ተሳታፊው መቼ እንደጠጣ መዝግቡ።

ቅርጹን ከራሱ ከመረጃው ለማውጣት በየ2 ሰከንዱ የተነሳ ስካን ካለ፣ 24 ሰከንድ ለመሸፈን ለአንድ የማነቃቂያ ዓይነት 12 ዓምዶች ይሥሩ፤ በእያንዳንዱ ዓምድ ለየስካኑ አንድ ቁጥር (0 ወይም 1) ይኖራል። የመጀመሪያው ዓምድ ማነቃቂያው በታየበት ስካን ላይ 1፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው ስካን ላይ 1፣ እያለ ይሄዳል። 6ቱን የጭንቅላት እንቅስቃሴ መለኪያዎችና የ128 ሰከንድ ማጣሪያውን (በጣም ዝግ ያሉ የሲግናል ለውጦችን የሚያስወግደውን) ጨምረው ሪግሬሽን፣ ማለትም የየዓምዱን ድርሻ የሚገምተውን ስሌት፣ ያስሉ። በማነቃቂያዎቹ መካከል ያለው ጊዜ መለዋወጥ አለበት። ሁልጊዜ 4 ሰከንድ ከሆነ የአንዱ ማነቃቂያ ሦስተኛ ዓምድ ከቀጣዩ የመጀመሪያ ዓምድ ጋር አንድ ይሆንና ሂሳቡ አይለያቸውም።

የወጣው መስመር ማነቃቂያው ሳይታይ መነሳት ከጀመረ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። ከመጀመሪያው 4 ስካን ተጥሎ ከሆነ፣ ከማነቃቂያ ሰዓቶቹ ሁሉ 8 ሰከንድ መቀነስ አለበት፤ ይህን መርሳት የተለመደ ነው። ጫፉ በጣም የዘገየና ከጎረቤቶቹ እጅግ የበለጠ ቮክስል (የምስሉ ትንሹ ኩብ) ደግሞ ትልቅ ቬን (ደም መላሽ ሥር) ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል፤ ይተዉት።

ቀጥሎ ዲኮንቮሉሽን፦ የደም ምላሹን ቅርጽ ከሲግናሉ ለይቶ የነርቩን ሥራ መገመት። የተገኘውን ቅርጽ በየዓምዱ አንድ ስካን ወደታች እያንሸራተቱ ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ይሥሩ፤ ግን በቀጥታ አይገልብጡት (ኢንቨርሱን አይውሰዱ)። የደም ምላሹ ፈጣን ለውጦችን ስለሚያጠፋ፣ ሲገለበጥ እዚያ የቀረውን ጫጫታ ብቻ አግዝፎ ያመጣል። ትላልቅ ግምቶችን የሚቀጣውን ሪጅ ሪግሬሽን ይጠቀሙ። ቅጣቱ ካነሰ ግምቱ ከስካን ስካን ይዘላል፤ ከበዛ ራሱን የቦልድ ሲግናሉን (ኤፍኤምአርአይ ከደሙ የሚለካውን) መስሎ ይወጣል። መጠኑን በዓይን ሳይሆን በአንዱ የስካን ዙር (ሳይቋረጥ በተቀረጸው) ገምተው፣ ሌላኛውን ዙር ምን ያህል እንደሚተነብይ አይተው ይምረጡ። የመጨረሻዎቹን 10 ሰከንዶች ግምት አይመኑ፤ የደም ምላሻቸው ሳይደርስ ስካኑ አልቋል።

የግምቱ ቁጥር መለኪያ የለውም። ቅርጹን እጥፍ፣ የነርቩን ሥራ ግማሽ ብናደርግ መረጃው ያው ነውና የቅርጹን ጫፍ 1 ላይ ይሰሩት። የሁለት አንጎል ክፍሎችን ጥንካሬ በዚህ ቁጥር ማወዳደርም ትርጉም የለውም። ጊዜም እንዲሁ ነው፦ የደም ምላሹን 1 ሰከንድ ብናዘገይ ነርቩ 1 ሰከንድ የቀደመ ይመስላል። ስለዚህ «ይህ ክፍል ያንን ቀደመ» ከማለት በፊት ተሳታፊው ለ15 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን እየያዘ የሚለቅበት አጭር ዙር ይቅረጹ። በደም ውስጥ የሚጨምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የደም ሥሮችን በመላው አንጎል ያሰፋል። ክፍሎቹ እዚያም በተመሳሳይ መጠን ከተቀዳደሙ፣ ልዩነቱ ከደም ሥር የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።