ወላጆች በግሪን ካርድ አሜሪካ ሲገቡ፦ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት በምን ኢንሹራንስ እንሻገር?

እናት ወይም አባት በልጅ ስፖንሰርነት አሜሪካ ሲገቡ፣ ዕድሜያቸው 65 ስላለፈ ብቻ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ) አያገኙም። እዚህ አገር ሠርተው ታክስ ያልከፈሉ ሰው ሜዲኬርን ገዝተው ለመግባት እንኳ በግሪን ካርድ 5 ዓመት ያለማቋረጥ መኖር አለባቸው። ሜዲኬድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) በአብዛኞቹ ስቴቶች 5 ዓመት ያስጠብቃል። እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ጥቂት ስቴቶች ግን በራሳቸው ገንዘብ ቀድመው ይሸፍናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የስቴታችሁን ሜዲኬድ ቢሮ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ቀጣዩ በር በተለምዶ ኦባማ ኬር የምንለው የኢንሹራንስ ገበያ ነው። ዕድሜ አያግድም፤ የስኳርና የደም ግፊት በሽተኛን መከልከልም ሆነ ዋጋ መጨመር አይችልም።

የድሮው ምክር ግን ከ2026 ጀምሮ አይሠራም። ቀድሞ ምንም ገቢ የሌላቸው ወላጅ በራሳቸው ስም ብቻ ሲያመለክቱ ድጎማ (መንግሥት ከወርሃዊው ክፍያ የሚሸፍነው) ያገኙ ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ይህን ዘጋው፦ ገቢው ከፌዴራል የድህነት ወለል (መንግሥት በየዓመቱ በቤተሰብ ብዛት የሚያወጣው የገቢ መለኪያ) በታች የሆነና በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ሜዲኬድ የማያገኝ ሰው ድጎማ የለውም። ወላጅ ብቻቸውን «ገቢ ዜሮ» ብለው ካመለከቱ ሙሉ ዋጋ ይጠየቃሉ፤ ለዚህ ዕድሜ ደግሞ በብዙ ቦታ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የቀረው መንገድ በልጅ ታክስ በኩል ያለው ነው።

በልጅ ታክስ ላይ ማስገባት

ልጅ ወላጁን በታክሱ ላይ ዲፔንደንት (የሚጦረው ጥገኛ) አድርጎ ካስመዘገበ፣ ድጎማው የሚሰላው በወላጅ ኪስ ሳይሆን በልጁ ቤተሰብ ገቢ ነው። ለዚህም ከወላጅ የዓመት ወጪ ከግማሽ በላይ ልጁ መሸፈን አለበት፤ የወላጅ የራሳቸው ገቢም ከወሰኑ መብለጥ የለበትም፣ ለ2025 ከ5,200 ዶላር በታች ነበር። ወላጅ ከትንንሽ ልጆች በተለየ፣ በሌላ ቤት ቢኖሩም ይቆጠራሉ። ያገባ ልጅ ድጎማውን ለማግኘት ከባለቤቱ ጋር በአንድ ላይ ፋይል ማድረግ አለበት።

ሒሳቡን በአንድ ቤት ላይ እንየው። ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አባት፣ በድምሩ 5 ሰው፣ የዓመት ገቢ 90,000 ዶላር። ለ2026 የሚሠራበት የድህነት ወለል ለ5 ሰው 37,650 ዶላር ስለሆነ ይህ ቤት 239 ፐርሰንት ላይ ነው። በዚህ ደረጃ ቤተሰቡ ከገቢው 8 ፐርሰንት ገደማ፣ ማለትም በወር ወደ 600 ዶላር፣ እንዲያዋጣ ይጠበቃል። የሰፈሩ ሁለተኛ ርካሽ ሲልቨር ፕላን (ድጎማው የሚለካበት መካከለኛ ደረጃ ፕላን) ለአባት በወር 1,200 ዶላር ቢሆን ቀሪውን 600 መንግሥት ይከፍላል። እናትም አብረው ቢመጡ መዋጮው አይጨምርም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ 6 ሰው ስለሚሆን ወደ 517 ዶላር ይወርዳል፣ ያውም ለሁለቱም። ብዙ ሰው «ሁለቱንም ማስገባት አልችልም» ብሎ አንዱን ያለ ኢንሹራንስ የሚያስቀረው ይህን ስለማያውቅ ነው።

የድጎማው ጣሪያ የድህነት ወለሉ 400 ፐርሰንት ነው፤ ለ5 ሰው 150,600 ዶላር። ከዚያ በትንሹም ቢሆን ከተላለፈ ድጎማው በሙሉ ይቀራል። ገቢያቸው ጠርዙ ላይ ያለ ሰዎች ለጡረታ ወደ 401ኬ የሚያስገቡትን ከፍ ቢያደርጉ የሚቆጠረው ገቢ ይወርዳል። ወንድምና እህት እየተረዳዱ ወላጅ የሚጦሩ ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ ማንም ብቻውን ከግማሽ በላይ ካልከፈለ፣ ከወጪው ከ10 ፐርሰንት በላይ ከሚሸፍኑት መካከል አንዱ በሌሎቹ ፊርማ ማስመዝገብ ይችላል። ፎርሙ 2120 ይባላል። ከሁሉም የተሻለ ደመወዝ ያለው ሳይሆን ከጣሪያው በታች ያለው ያስመዝግብ።

ገቢን አሳንሶ መናገር ደግሞ አደጋ አለው። ከ2026 ጀምሮ በብልጫ የተወሰደ ድጎማ ያለ ገደብ ሙሉ በሙሉ ተመላሽ ይደረጋል። ኦቨርታይም ስትጀምሩ ወይም ሥራ ስትቀይሩ ታክስ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ማመልከቻውን አስተካክሉ። በታክስ ጊዜ የተከፈለላችሁን ድጎማ የሚያሳይ 1095-ኤ የሚባል ወረቀት ይመጣል፤ በታክስ ፎርም 8962 ካልተሞላ የሚቀጥለው ዓመት ድጎማ ሊቋረጥ ይችላል።

60 ቀን አላችሁ

ወላጅ ከገቡበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ልዩ የመመዝገቢያ ጊዜ አለ። ካለፈ እስከ ኖቬምበር 1 ጠብቃችሁ ሽፋኑ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ሽፋን የሚጀምረው ፕላን ከተመረጠ በኋላ ባለው ወር መጀመሪያ ስለሆነ፣ በወሩ 28 የመረጠና በሚቀጥለው ወር 2 የመረጠ ሰው አንድ ወር ይለያያሉ። ለመሃሉ የተጓዥ ኢንሹራንስ ግዙ፤ ቢቻል ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒትና የሐኪም ማስረጃ ይዘው ይምጡ።

የፕላስቲኩ ግሪን ካርድ እስኪመጣ አትጠብቁ። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የኢሚግራንት ቪዛ፣ ኤርፖርት ላይ ማኅተም ሲመታበት፣ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ገና ካልደረሰ ማመልከቻው ይጀመራል፤ ቁጥሩ በኋላ ይገባል።

ቴክሳስ ያላችሁ በሄልዝኬር ዶት ጎቭ ታመለክታላችሁ፤ ስልኩ 1-800-318-2596 ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት የየራሳቸው ገበያ አላቸው። ስትደውሉ «አምሃሪክ» ካላችሁ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። ኦንላይን ከሆነ አካውንቱን በልጁ ስም ክፈቱ፦ ሲስተሙ ማንነትን የሚያጣራው በክሬዲት ታሪክ ስለሆነ፣ ትናንት የገቡ እናት ያንን ጥያቄ አያልፉም። ኢንሹራንስ የሚፈልጉት እናት ብቻ መሆናቸውን ምልክት አድርጉ፤ ሌላው ቤተሰብ በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንሱ ይቆያል።

ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው በስም ነው። በግሪን ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ይሆንና፣ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ በመጀመሪያው ሳጥን ይገባሉ። ልጁ ግን እንደለመደው የእናቱን ስም ከአባታቸው ስም ጋር ብቻ ይጽፋል፤ ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር አልገጥም ይላል። ፊደል በፊደል ከካርዱ ቅዱ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። እናት በስልክ ሲጠየቁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁትን ቀን ከተናገሩ፣ ከካርዱ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚለይ ወኪሉ ማንነታቸውን ማረጋገጥ አይችልም። ካርዱ ላይ ያለውን ልደት፣ ስምና ኤ-ነምበር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር) በትልቁ ጽፋችሁ ከስልኩ አጠገብ ለጥፉላቸው።

ማስረጃ ላኩ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ቀነ ገደቡ ላይ ክበቡበት። ብዙውን ጊዜ 90 ቀን ገደማ ነው፤ ካለፈ ድጎማው ወይም ኢንሹራንሱ ራሱ ይቋረጣል። ደግሞም የመጀመሪያው ወር ካልተከፈለ ሽፋኑ አይጀምርም፤ ፕላን መምረጥ ብቻውን ኢንሹራንስ አይደለም።

ፕላን ሲመረጥ

ወርሃዊውን ብቻ አትዩ። የወላጅን መድኃኒቶች ስም እስከ ሚሊግራሙ ጻፉና በፕላኑ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፤ አቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል በኔትወርኩ (ፕላኑ በሚቀበላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ዝርዝር) መኖሩን ወደ ሆስፒታሉ ደውላችሁ አረጋግጡ። የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት ወለሉ 250 ፐርሰንት በታች ከሆነ ሲልቨር ያዙ፤ ዲዳክቲብሉና (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው) ኮፔዩ (በየሕክምናው የሚከፈለው) የሚቀነሰው በሲልቨር ብቻ ነው። በ2026 አንድ ሰው በኔትወርክ ውስጥ በዓመት ከኪሱ የሚከፍለው ቢበዛ 10,600 ዶላር ነው። «ለሁሉም ይሆናል» እየተባሉ በስልክ የሚሸጡት የአጭር ጊዜ ፕላኖች ነባር በሽታ አይሸፍኑም፤ ለስኳር ታማሚ እናት እነዚህን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በጉብኝት ቪዛ የመጡ ወላጆች ገበያው ውስጥ አይገቡም። ለእነሱ የጎብኚ ኢንሹራንስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕክምና የተወሰነ ብር ብቻ የሚከፍለውን ትታችሁ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለውን ውሰዱ።

ኢንሹራንስ ሳይኖር ቢታመሙስ? በ1986 የወጣ ሕግ ኢመርጀንሲ ያለው ሆስፒታል ክፍያ ሳይጠይቅ መርምሮ አደጋውን እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ቢሉ ሲመጣ አትደንግጡ፣ በክሬዲት ካርድም አትክፈሉ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የፋይናንስ እርዳታ ፎርም እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ከመጀመሪያው ቢል በኋላ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል። ለመደበኛ ክትትል በፌዴራል የሚደገፉ የኮሙዩኒቲ ጤና ማዕከላት በገቢ ልክ ያስከፍላሉ።

5ኛው ዓመት ሲቃረብ

ሜዲኬር የ7 ወር የመመዝገቢያ መስኮት አለው፦ ብቁ ከሚሆኑበት ወር በፊት 3፣ ወሩ ራሱ፣ ከዚያ በኋላ 3። ከሳቱት ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ይጠበቃል፤ ፓርት ቢ (የሐኪም ሕክምናው ክፍል) በዘገየ በየ12 ወሩ 10 ፐርሰንት ቅጣት ይጨመርበታል፣ ቅጣቱም አይነሳም። የሚመዘገቡት በሶሻል ሴኩሪቲ ነው፣ 1-800-772-1213። በ2026 ፓርት ኤ (የሆስፒታሉ ክፍል) ላልሠራ ሰው በወር 565 ዶላር፣ ፓርት ቢ 202.90 ነው። ባል ወይም ሚስት እዚህ 10 ዓመት ሠርተው ከሆነ ግን ፓርት ኤ በነፃ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ክፍያውን ስቴቱ የሚሸፍንበት ፕሮግራም አለ፤ ሆኖም በአይ-864 (የስፖንሰርነት ፎርም) የፈረመው ልጅ ገቢ እንደ ወላጅ ገቢ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ዜግነት ሲወስዱ ይህ ይቀራል።

በ5ቱ ዓመታት ውስጥ አገር ቤት ሄደው ከ6 ወር በላይ ከቆዩ «ያለማቋረጥ ኖረዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የመውጫና የመግቢያ ቀኖችን በአንድ ደብተር ያዙ፣ ቲኬቶቹንም አትጣሉ።

ሜዲኬር ሲጀምር የገበያው ፕላን በራሱ አይቋረጥም፤ ደውላችሁ አሰርዙት። የሜዲኬር ካርዱ እጃችሁ ሳይገባና የሚጀምርበት ቀን ሳይታይ ግን አትሰርዙ፤ በአንድ ወር ክፍተት የሚገባ ሆስፒታል የ5 ዓመት ቁጠባ ይበላል።