የአንድ ቀን ክሪኬት ፍጻሜን ህጉን ሙሉ ሳያውቁ እንዴት ማየት ይቻላል

የመጀመሪያዬን የክሪኬት ፍጻሜ ያየሁ ቀን ግማሹ ላይ ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ ቲቪውን አጥፍቼ ተኛሁ። አንዱ ቡድን ሲመታ ሲመታ ዋለ፣ ከዛ ሁሉም ተያይዘው ከሜዳ ወጡ፣ እኔም በቃ እነዚህ አሸነፉ ብዬ ደመደምኩ። ሲነጋ ዋንጫውን ይዘው ፎቶ የተነሱት ሌሎቹ ናቸው። ለካ ያየሁት ግማሹን ብቻ ነበር፣ ሁለተኛው ቡድን ገና ሊመታ እረፍት ላይ ነበር።

እና ይሄን የምጽፈው እንደኔ እንዳትሆኑ ነው። ህጉን በሙሉ ላስተምራችሁ አይደለም፣ እሱ ማለቂያ የለውም፣ ለፍጻሜ ቀን ደሞ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጥያቄ ይዞ መቀመጥ ነው፦ ቀድሞ የሚያልቀው ሰው ነው ወይስ ኳስ? (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

1. መጀመሪያ ሰዓታችሁን አስተካክሉ

ከነእረፍቱ 8 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። አዎ፣ 8 ሰዓት። ሙሉውን አፍጥጣችሁ ለማየት አትሞክሩ፣ ክሪኬት ወዳዶቹ ራሳቸው እንደዛ አያዩም፣ እየበሉ እያወሩ ስራ እየሰሩ ነው የሚያዩት። ጊዜ ከሌላችሁ የእያንዳንዱን ቡድን የመጀመሪያ 10 ኦቨርና (አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) የመጨረሻ 10 ኦቨር እዩ፣ መሀሉን በስልክ ስኮር እያያችሁ ተከታተሉ። ግን መጀመሪያው እንዳያመልጣችሁ። የ2023 የኤዥያ ካፕ ፍጻሜ ኮሎምቦ ላይ ሲደረግ የህንዱ ሞሀመድ ሲራጅ በአንድ ኦቨር ብቻ አራት ሰው አስወጣ፣ ስሪላንካ በ50 ረን (ነጥብ ማለት ነው) አለቀች፣ ህንድ ደሞ ያንን በ6 ኦቨር ከአንድ ኳስ ጨርሳ ሄደች። ዘግይቶ ቲቪ የከፈተ ሰው ያገኘው የዋንጫ ስነስርአቱን ነው።

2. ስኮሩን ማንበብ ተለማመዱ (ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትዘሉ እንኳን ይሄን አትዝለሉ)

ስክሪኑ ጥግ ላይ 47/3 እና ከጎኑ 7 ኦቨር የሚል ነገር ታያላችሁ። 47 ያስቆጠሩት ነጥብ ነው፣ ረን ይባላል። 3 ማለት ሶስት መቺ ወጥቷል፣ ዊኬት የሚሉት እሱን ነው። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፣ እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር አለው፣ ስለዚህ 300 ኳስ። ቡድኑ 11 ሰው ቢሆንም ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚመቱ አስረኛው ሲወጣ የቀረው ብቻውን መምታት አይችልም፣ አለቀ። በቃ እያንዳንዱ ቡድን 10 ሰውና 300 ኳስ ይዞ ነው የሚገባው፣ አንዱ ቀድሞ እስኪያልቅ ድረስ ነው የሚመታው። አውስትራሊያዎች ደሞ ገልብጠው 3/47 ብለው ይጽፋሉ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ብቻ እንዳትደናገጡ።

መቺው ኳሷን መቶ ከጓደኛው ጋር ቦታ ሲለዋወጥ አንድ ረን ነው። ኳሷ መሬት እየነካች የሜዳውን ጠርዝ ካለፈች አራት፣ በአየር ላይ ካለፈች ስድስት። መቺው ደሞ የሚወጣው ኳሷ ከኋላው ያሉትን ሶስት እንጨቶች ስትመታ፣ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ሲያዝ፣ ሲሮጥ ሳይደርስ እንጨቱ ሲመታበት፣ ወይ ደሞ እንጨቱን ልትመታ የነበረች ኳስ እግሩ ላይ ስታርፍ ነው። ሌላም አለ ግን እነዚህ ይበቃሉ።

3. ዕጣው ላይ አምበሉ ምን እንዳለ ስሙ

ሳንቲም ይጣላል፣ ያሸነፈው አምበል ልምታ ወይ ልወርውር ብሎ ይመርጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሰዓት ሻይ ሊያፈላ ይሄዳል፣ እኔ ግን የጨዋታው ግማሽ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። በ2023 የአለም ዋንጫ ፍጻሜ አህመዳባድ ላይ ህንድ ከዛ በፊት የተጫወተችውን 10 ጨዋታ በሙሉ አሸንፋ ነው የመጣችው፣ ስታዲየሙ ከዘጠና ሺ በላይ ሰው ይዟል፣ አብዛኛው ሰማያዊ ለባሽ የህንድ ደጋፊ ነው። የአውስትራሊያው አምበል ፓት ከሚንስ ዕጣውን አሸንፎ እንወረውራለን አለ፣ በፍጻሜ ደሞ ቀድሞ መምታት ይሻላል የሚል የቆየ ልማድ አለ፣ ስለዚህ አበደ እንዴ ያሉ ነበሩ። ማታ ላይ መምታት እየቀለለ ሲመጣ ነው ነገሩ የገባን።

4. የመጀመሪያዎቹ 10 ኦቨሮች

ፓወርፕሌይ ይባላል። ሜዳው ላይ በተሰመረው ክብ ውጪ መቆም የሚችሉት ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ኳሷን ከሰው በላይ ካሳለፍካት ከኋላ የሚይዛት የለም። ከ11 እስከ 40ኛው ኦቨር አራት ሰው ውጪ ይቆማል፣ በመጨረሻዎቹ 10 ደሞ አምስት። አህመዳባድ ላይ የህንዱ አምበል ሮሂት ሻርማ ይሄን ክፍት ቦታ ተጠቅሞ በ31 ኳስ 47 አስቆጠረ፣ ከዛ አንዷን ወደ ላይ አጉኗት የአውስትራሊያው ትራቪስ ሄድ ወደኋላ እየሮጠ ተወርውሮ ያዛት። ያቺን አያያዝ ካላያችኋት ፈልጋችሁ እዩዋት። 10 ኦቨሩ ሲያልቅ ህንድ 80/2 ነበረች፣ ለማንም ጥሩ የሚመስል ቁጥር ነው።

5. መሀሉ አሰልቺ ሲመስላችሁ ኳስ ቁጠሩ

ከ11ኛው ኦቨር በኋላ ወርዋሪዎቹ ዘና ያሉ መቺዎቹም የፈዘዙ ይመስላል፣ አንድ አንድ ረን ነው የሚለቀመው። ጀማሪ ተመልካች ቻናል የሚቀይረው እዚህ ጋ ነው፣ ግን ብዙ ፍጻሜ እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው። ህንድ በዛን ቀን 97 ኳስ ሙሉ አንዴም ወደ ጠርዝ ሳታሳልፍ ቆየች። ሰው እያለቀባት ስለፈራች ኳሷን አባከነች ማለት ነው፤ ኬኤል ራሁል 107 ኳስ ተወርውሮለት 66 ረን ነው ያስቆጠረው፣ ከዛ ውስጥ አራት የሆነችው አንዷ ብቻ ናት። መጨረሻ ላይ 240 ላይ ሁሉም አለቁ።

እግረ መንገዳችሁን ደሞ ይሄን እዩ፦ አንድ ወርዋሪ ከ10 ኦቨር በላይ መወርወር አይችልም። ስለዚህ አምበሉ ምርጡን ወርዋሪ ለመጨረሻው ስንት ኦቨር አስቀረለት የሚለውን ከያዛችሁ ኮሜንታተሩን ትቀድሙታላችሁ።

6. ሁለተኛው ቡድን ሲገባ ካልኩሌተር አውጡ

አሁን ግቡ ይታወቃል፣ ከመጀመሪያው ቡድን በአንድ መብለጥ ነው። አውስትራሊያ 241 ፈለገች። ሰባት ኦቨር ሲያልቅ 47/3 ሆነች፣ ስታዲየሙ ተናወጠ፣ በቃ ህንድ በላችው የሚል ሰው በየቦታው። ግን እስቲ አስሉት፦ የቀረው 194 ረን ነው፣ የቀረው ኦቨር 43 ነው፣ በኦቨር 4.5 ገደማ ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ ምንም አይደለም። ኳስ ሞልቷል፣ የሚያሳስበው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መቺዎቹ ትራቪስ ሄድና ላቡሼን ተረጋግተው ቆሙ፣ ላቡሼን ቀስ እያለ ሄድ እየመታ 192 ረን አብረው ሰሩ፣ ሄድ 137 አስገብቶ ሁለት ረን ሲቀር ወጣ። አውስትራሊያ 42 ኳስ ሳትነካ በ6 ዊኬት አሸነፈች። ሁለተኛ የመታው ሲያሸንፍ ውጤቱ በተረፈው ሰው ነው የሚነገረው፣ አንደኛ የመታው ካሸነፈ ደሞ በረን ልዩነት።

የዚህ ግልባጩን ማየት ከፈለጋችሁ የ2017 የሴቶች አለም ዋንጫ ፍጻሜ አለላችሁ። ለንደን ሎርድስ ላይ ህንድ 229 ፈልጋ 191/3 ደርሳለች፣ የቀራት 38 ረን፣ ያላት ሰባት ሰው። ከዛ እንግሊዛዊቷ አንያ ሽረብሶል ገባችባቸው፣ በጨዋታው በጠቅላላ ብቻዋን ስድስት ሰው አስወጣች፣ ህንድ 219 ላይ አለቀች፣ በ9 ረን ተሸነፈች፣ ስምንት ኳስ ደሞ ሳይወረወር ቀረ።

7. ዳኛው ሲወስን እጁን ሳይሆን ተጫዋቾቹን እዩ

አልስማማም ያለ ቡድን በቪዲዮ ይታይልኝ ማለት ይችላል፣ ግን ሁለቴ ከተሳሳተ መብቱ አለቀ። አህመዳባድ ላይ የአውስትራሊያው ስቲቭ ስሚዝን ኳስ እግሩን መታው፣ ዳኛው አወጣው፣ ከጓደኛው ጋር ተነጋግሮ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ወጣ። በኋላ በቪዲዮ ሲታይ ኳሷ እግሩን ያገኘችው ከእንጨቶቹ መስመር ውጪ ነበር፣ ቢጠይቅ ኖሮ አይወጣም ነበር። ያ 47/3 የሆነው እንደዛ ነው።

8. ዝናብ ከመጣ

ዳክወርዝ ሉዊስ ስተርን በሚባል ስሌት ግቡ ይቀየራል። ስሌቱን ለመረዳት አትልፉ፣ ሀሳቡ ግን ያው የኛው ጥያቄ ነው፣ ስንት ኳስና ስንት ሰው ቀርቶህ ነበር ብሎ ነው የሚያሰላው። ጨርሶ ካልሆነ ደሞ የ2002 የቻምፒየንስ ትሮፊ አይነት ይመጣል፣ ኮሎምቦ ላይ ሁለት ቀን ዘንቦ ስሪላንካና ህንድ ዋንጫውን ተካፈሉ።

9. እኩል ከሆነ አትነሱ

የ2019 የአለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሎርድስ። ኒውዚላንድ 241፣ እንግሊዝ የመጨረሻው ኦቨር ላይ 15 ያስፈልጋታል። የእንግሊዙ ቤን ስቶክስ ስድስት መታ፣ ቀጣዩዋ ላይ ሁለተኛ ረን ለመጨረስ ራሱን ሲወረውር ከመስክ የተወረወረችው ኳስ የራሱን ባት (መምቻውን) ነክታ ወደ ጠርዝ ወጣች፣ እሱ እጁን አንስቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዳኛው ስድስት ረን ብሎ ይሰጠዋል። የመጨረሻዋ ኳስ ላይ አስረኛው ሰው ሲሮጥ ወጣ፣ እንግሊዝም 241። ሰውም ኳስም እኩል አለቀ። ሱፐር ኦቨር ተባለ፣ ለየቡድኑ ስድስት ስድስት ኳስ፣ 15 ለ15። የመጨረሻዋ ላይ የኒውዚላንዱ ጉፕቲል ሁለተኛዋን ረን ሊያሟላ ሲሮጥ ትንሽ ሲቀረው እንጨቱ ተመታበት። ብዙ ጊዜ ጠርዝ ያሳለፈ ያሸንፋል በሚል ህግ 26 ለ17 ዋንጫው ለእንግሊዝ ሄደ። ያ ህግ በዛው አመት ኦክቶበር ላይ ተሻረ፣ አሁን ሱፐር ኦቨሩ እኩል ከወጣ ሌላ ሱፐር ኦቨር ይደገማል፣ እሱም እኩል ከሆነ ሌላ፣ አንዱ እስኪያሸንፍ።