የተሰነጠቀ የመኪና የፊት መስታወት ሲያጋጥም ምን ማድረግ ይገባል?

በጠጠር መንገድ ላይ ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ የፊት መስታወትዎን ከመታው፣ ጉዳቱ ከሳንቲም ያልበለጠ ቢሆንም እንኳ «ይደርሳል» ብለው አይተዉት። መስታወቱ በሁለት ንብርብሮቹ መካከል ስስ ፕላስቲክ ስላለው ወዲያው አይረግፍም፤ ነገር ግን አቧራና ውሃ ከገባበት የጥገናው ሙጫ በደንብ አይይዝም፣ ስንጥቁም በየጉድጓዱ ንዝረት እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ጋራዥ እስኪደርሱ ድረስ የተመታውን ቦታ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በፕላስተር ይሸፍኑት፤ ፀሐይ ባጋለው መስታወት ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ።

ትንሽ ጉዳት በልዩ ፈሳሽ ሙጫ ተሞልቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ይደርቃል። ጠባሳው ግን ፈጽሞ ስለማይጠፋ፣ በሹፌሩ ዓይን ትይዩ ያለ ወይም እስከ ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ሲሆን መስታወቱን ማስቀየር ይሻላል። ያገለገለ መስታወት ከሱማሌ ተራ የሚገዙ ከሆነ ብርሃን ላይ አቁመው ጠርዙን ዙሪያውን ይመርምሩ፤ ሲነቀል የተፈጠረች ቀጭን ስንጥቅ የምትደበቀው እዚያ ነውና።

አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን የራስዎን መስታወት አይሸፍንም። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ከማስጠገንዎ በፊት ፎቶ አንሥተው ለመድን ድርጅቱ ያሳውቁ።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ባለሙያው የነገረዎት ሰዓት ሳይሞላ አይንዱ፤ አንዱን የጎን መስታወት በትንሹ ከፍተው ይተዉ፣ በርም በኃይል አይዝጉ፤ ምክንያቱም በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚታመቀው አየር ገና ያልደረቀውን ሙጫ ገፍቶ ሊያላቅቀው ይችላል።